ዶቅዶቄና ዕድር

አማርኛ ለሞተር ብስክሌት ያወጣለት የድሮ ስም «ዶቅዶቄ» ነው። ስሙን ያወጣው መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሊቅ ሳይሆን መንገድ ዳር የቆመ ጆሮ እንደሆነ ያስታውቃል፤ ዶቅ፣ ዶቅ፣ ዶቅ እያለ ያለፈውን ነገር ዶቅዶቄ አለው፤ አበቃ። ጣሊያኖችም ከዚህ የተለየ አላደረጉም። «ቬስፓ» ማለት በቋንቋቸው ተርብ ማለት ነው፤ ወገቧ ቀጭን፣ ኋላዋ ደንዳና፣ ድምፅዋም ጥዝ የሚል ስለሆነ። በሁለቱም ስሞች ውስጥ ፌዝ ቢጤ አለ። ሰው የሚፈራውን ወይም የሚያከብረውን ነገር ዶቅዶቄ ብሎ አይጠራም።

እንዲህ ባለ ስም ስለሚጠራ ነገር ቁም ነገር ይጻፋል ወይ? ይጻፋል። ይህች ትንሽ ተሽከርካሪ ብዙዎቻችን ሳንጠይቀው የምናልፈውን አንድ ጥያቄ በሁለት ጎማዋ ላይ ተሸክማ ትዞራለችና። ሰው ለእንጀራው ሲል ነፍሱን ለአደጋ ቢያጋልጥ እንመርቀዋለን፤ ለደስታው ሲል ያንኑ አደጋ ቢደፍር ግን እንወቅሰዋለን። ነፍሱ ያችው አንዲት ነፍስ፣ መንገዱም ያው አንዱ መንገድ ሆኖ ሳለ ከሰኞ እስከ ዓርብ የተፈቀደው እሁድ የሚከለከለው በየትኛው ሕግ ነው?

እርግጥ ነው፣ ትንንሾቹ ሞተሮች ሲወለዱ ለደስታ አልተወለዱም። ፒያጆ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ አውሮፕላን ሠሪ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፋብሪካው በቦምብ ፈራረሰ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ሕዝቡ የሚፈልገው አውሮፕላን ሳይሆን ወደ ሥራ የሚያደርስ ርካሽ ነገር ሆነ። በ1946 እ.ኤ.አ. ቬስፓ ወጣች። ንድፏን የሠራው መሐንዲስ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ሄሊኮፕተር የሚነድፍ ሰው ነበር፤ ሞተር ብስክሌት ደግሞ አይወድም ነበር። ስለማይወድም ነው የማይወደውን ሁሉ አንድ በአንድ ያስወገደው፤ ሰንሰለቱን አወጣ፣ ሞተሩን ሸፈነ፣ የነጂው ልብስ በጭቃና በቅባት እንዳይበላሽ ከፊት መከለያ አደረገ። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1958 እ.ኤ.አ.፣ የጃፓኑ ሆንዳ 50 ሲሲ እንኳ የማትሞላውን ሱፐር ካብ ለገበያ አቀረበ። ሶይቺሮ ሆንዳ ስለ ሞተሩ ሲጨነቅ ሸሪኩ ታኬዎ ፉጂሳዋ የሚጨነቀው ስለ ገዢው ነበር፤ በዓይነ ኅሊናው ይታየው የነበረውም በአንድ እጁ የምግብ ትሪ ተሸክሞ በሌላው እጁ የሚነዳ የምግብ ቤት ተላላኪ ነው። ስለዚህ የፍሪሲዮኑ መያዣ ከግራ እጅ ላይ ተነሳ። ያቺ ሞተር እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ በ100 ሚሊዮን ተመርታለች። በዓለም ላይ ይህን ያህል የተመረተ ሌላ ባለሞተር ተሽከርካሪ የለም።

እንግዲህ የትንሿ ሞተር አባቶች ያሰቡት ተላላኪውን፣ ወዛደሩን፣ ወደ ገበያ የምትሄደዋን እመቤት ነው። በእኛም አገር ዶቅዶቄን የምናውቃት ደብዳቤ ስታመላልስ፣ የግብርና ባለሙያውን ከቀበሌ ቀበሌ ስታደርስ፣ የክትባት ሣጥን ተሸክማ አቀበት ስትወጣ፣ በደቡብና በምዕራብ ከተሞች ደግሞ ታክሲ ሆና ሰው ስትጭን ነው። ደስታ ሳይጠራ የገባ እንግዳ ነው። ሆኖም ገብቷል። ለእንጀራ የተሠራችው ተርብ በ1953 እ.ኤ.አ. በወጣው «የሮማ ዕረፍት» በተባለው ፊልም ላይ ልዕልት ጭና ሮማን ስትዞር ዓለም በሙሉ አየ፤ ከዚያ ወዲያ ሞተር ሥራ መሄጃ ብቻ ነው ብሎ ማንንም ማሳመን አልተቻለም።

* * *

አንድ ጓደኛዬ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል። 125 ሲሲ ሞተር አለችው። ከመግዛቱ በፊት ትምህርት ቤቱ ለመድረስ ሁለት ባጃጅ ይቀያይር ነበር፤ በዝናብ ቀን ደግሞ ሁለቱንም ያጣል። ዛሬ የጠዋቱን መንገድ በሩብ ሰዓት ይጨርሳል፤ በአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ካንዴላዋን ራሱ ያጸዳል፣ ዘይቷን ራሱ ይቀይራል። እስከዚህ ድረስ በቤቱ ውስጥ ጠብ የለም።

ጠቡ የሚነሳው እሁድ ነው። እሁድ ጠዋት፣ ባለቤቱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ ቁርስ ከተበላ በኋላ ጓደኛዬ ሞተሯን ያወጣና ወደ ወንዶ ገነት ይነዳል። ጉዳይ የለውም። የሚያደርሰው ዕቃ፣ የሚጠይቀው ዘመድ የለም። ሄዶ ቡና ጠጥቶ ይመለሳል። ምን እንደሚያገኝበት ጠይቄው የሰጠኝ መልስ ስለ ፍጥነት አልነበረም፤ ስለ አፍንጫ ነበር። ከሐይቁ ዳር ሲነሳ የዓሣ ሽታ አለ፤ ጥቂት እልፍ ሲል የእንጨት ጭስ፤ ከዚያ የባሕር ዛፍ፤ ከዚያ ዝናብ የነካው አፈር፤ መሬቱ ከፍ ሲል ደግሞ ብርዱ በእጅጌው በኩል ገብቶ ደረቱ ላይ ይቀመጣል። «በመኪና ስሄድ ወንዶ ገነትን አያለሁ፤ በሞተር ስሄድ ግን ወንዶ ገነት ውስጥ እገባለሁ» አለኝ። አሜሪካዊው ሮበርት ፐርሲግ ከልጁ ጋር በሞተር ስላደረገው ረጅም ጉዞ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ከዚህ ብዙም ያልራቀ ነገር ጽፏል፤ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ዓለምን በመስኮት፣ እንደ ቴሌቪዥን ያያታል፤ ሞተር ላይ ያለ ሰው ግን የትዕይንቱ ተካፋይ ነው ይላል። ጓደኛዬ መጽሐፉን አላነበበም። ማንበብም አላስፈለገውም።

ባለቤቱ ታዲያ አንድ ቀን እኔ ባለሁበት እንዲህ አለችው፦ «ለእንጀራችን ስትወጣ እግዜር ይጠብቅህ ብዬ እጸልያለሁ። ለጨዋታ ስትወጣ ግን ምን ብዬ ልጸልይ? ራሱ ፈልጎ የገባበትን አደጋ ጠብቅልኝ ልበለው?»

ጓደኛዬ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። የአምስት ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ በደሞዙ የሚጦራቸው እናቱም አዲስ አበባ አሉ። የሴትየዋ ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ይህ ጽሑፍም እሱን ለመመለስ የሚደረግ ሙከራ ነው።

* * *

በመጀመሪያ ጥያቄው የተመሠረተበትን ልማድ እንመርምረው። ኅብረተሰባችን አደጋን አይጠላም፤ እንዲያውም አደጋን በመመረቅ የሚተካከለን ያለ አይመስለኝም። ልጃችን በረሃ አቋርጦ፣ በማይታመን ጀልባ ባሕር ተሻግሮ ዓረብ አገር ልሂድ ሲል ብዙ ጊዜ በሬ ሸጠን፣ ተበድረን እንሸኘዋለን፤ እያለቀስን ግን እየመረቅን። በክረምት ሌሊት ምግብ የሚያደርሰውን ሞተረኛ ወጣት «ጎበዝ ሠራተኛ» እንለዋለን። ከመሐላችን አንዱ እንኳ «ይህን ሁሉ አደጋ ለአንድ ፒዛ?» ብሎ አይጠይቀውም። ሕግም ቢሆን ይህን ልዩነት ያውቃል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በሞተር እየታገዘ የሚፈጸመው ንጥቂያ በዝቷል ብሎ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ብስክሌቶች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ ሲያግድ ከእገዳው ያወጣቸው በሥራ ምክንያት የተፈቀደላቸውን ነበር። ለመዝናናት የሚነዳ ሰው በዚያ ዝርዝር ውስጥ ስም አልነበረውም።

እንግዲህ መመዘኛችን እንጀራ ነው ማለት ነው። ነገር ግን መመዘኛው ሲታሰብ ይንገዳገዳል። ጓደኛዬ ወደ ትምህርት ቤት ሲነዳም ይደሰታል፤ ይህን ባለቤቱም ታውቃለች። ታዲያ የጠዋቱ መንገድ ስንት እጁ እንጀራ፣ ስንት እጁ ደስታ ነው? ባጃጅ ቢሳፈር ኖሮ ከሥራው አይቀርም፤ ይዘገያል እንጂ። ሞተሯን የመረጠው ስለሚወዳትም ነው። በሌላ በኩል ሰውዬው ስድስት ቀን አርባና ሃምሳ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ሲጮህ ሰንብቶ እሁድ ለሁለት ሰዓት አፉን ዘግቶ ነፋስ ባይቀበል ኖሮ ሰኞ ምን ዓይነት መምህር፣ ምን ዓይነት ባል ይሆን ነበር? እንጀራና ደስታ እንደ ውሃና ዘይት ተለያይተው የሚቀመጡ ነገሮች አይደሉም። በአንድ ምጣድ ላይ ይጋገራሉ።

ይህን አባባል «ቀኔ ከደረሰ አልጋዬ ላይም እሞታለሁ» ከሚለው የሰነፍ መልስ መለየት ያስፈልጋል። ቀኑ የተቆረጠ ቢሆን እንኳ የተቆረጠው ለእኔ አልተነገረኝም፤ ያልተነገረኝን ነገር ምክንያት አድርጌ የራስ ቁሬን ቤት ጥዬ ልወጣ አልችልም። እንዲህ የሚለው ሰው ራሱ ሌሊት በሩን ቆልፎ ይተኛል።

* * *

የጓደኛዬን ወገን ይዞ የሚከራከር ጠበቃ ቢፈለግ ከእንግሊዛዊው ፈላስፋ ከጆን ስቱዋርት ሚል የተሻለ አይገኝም። ሚል በ1859 እ.ኤ.አ. ስለ ነፃነት ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ኅብረተሰብ አንድን ሰው ሊያስገድደው የሚችለው ሌሎችን እንዳይጎዳ ሲሆን ብቻ ነው ይላል፤ ለራሱ ጥቅም ብሎ ሊመክረው ይችላል፣ ሊለምነው ይችላል፣ ሊያስገድደው ግን አይገባም። አንድ ምሳሌም ይሰጣል። ሊፈርስ የደረሰ ድልድይ ላይ ሊሻገር የሚል ሰው ብታዩና ለማስጠንቀቅ ጊዜ ባይኖር ይዛችሁ ብትመልሱት ነፃነቱን አልነካችሁም፤ ሰውዬው ወንዝ ውስጥ መውደቅ አይፈልግምና። አደጋው የሚያጠራጥር ብቻ ከሆነና እሱም ካወቀው ግን ልታደርጉ የሚገባችሁ ማስጠንቀቅ ነው፤ መሻገሩን የሚወስነው እሱ ነው።

ጓደኛዬ ድልድዩን ያውቀዋል። ፊዚክስ አስተማሪ ስለሆነ ከብዙዎቻችን በላይ ያውቀዋል። ተማሪዎቹን እንዲህ እያለ ያስተምራል፦ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከግንብ የተጋጨ ሰው ከሦስት ሜትር ተኩል ከፍታ እንደወደቀ ነው፤ ከአንድ ተራ ቤት ጣሪያ ላይ እንደ መውደቅ። ፍጥነቱን እጥፍ አድርጎ 60 ቢያደርሰው ግን ከፍታው እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ሆኖ ከ14 ሜትር፣ ማለትም ከአራተኛ ፎቅ ገደማ ይሆናል። 90 ሲደርስ ከ30 ሜትር ያልፋል። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፈ የሚያስተምር ሰው አላወቀም አይባልም።

ይሁን እንጂ ሚል ራሱ አንድ በር ክፍት ትቷል። ሰው ስለጠጣ ብቻ ሊቀጣ አይገባም ይላል፤ በመጠጡ ምክንያት ቤተሰቡን ማስተዳደር ያቃተው ሰው ግን ሊቀጣ ይገባዋል፤ የሚቀጣውም ግዴታውን ስላፈረሰ እንጂ ስለጠጣ አይደለም። እንግዲህ የጓደኛዬ ባለቤት ፍልስፍና ሳትማር ሚል ክፍት በተወው በር ገብታለች ማለት ነው። «ሞተር አትንዳ» አላለችውም። ያለችው «አንተ ብትወድቅ የምወድቀው እኔም ነኝ» ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ያ በር ከእንግሊዝ አገር ይልቅ ሰፊ ነው። በእኛ ዘንድ ሞት የግል ጉዳይ ሆኖ አያውቅም፤ ለዚህ ምስክሩ ዕድር ነው። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበርና ብረት ድስት ይወጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ጎረቤት ሥራውን ትቶ ይቀመጣል። ያ ድንኳን አንድ ነገር ይናገራል፦ «ይህ ሰው የራሱ ብቻ አልነበረም»። በየወሩ የምንከፍለው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ የተፈራረምነው ውል ግን ትልቅ ነው። አንዳችን ስንወድቅ ሌሎቻችን እንሸከማለን። አካሉ የጎደለ ሰው ሲሆን ደግሞ ሸክሙ ከሦስት ቀን ልቅሶ ያልፋል፤ እህት ሥራዋን ትታ አስታማሚ ትሆናለች፣ ወንድም የትምህርት ቤት ክፍያውን ለመድኃኒት ያውላል። የሚል ነፃ ሰው ድልድዩን ብቻውን ይሻገራል፤ የእኛ ሰው ሲሻገር ከወገቡ ላይ በረጅም ገመድ የታሰሩ ብዙ ሰዎች ወንዙ ዳር ቆመዋል።

እንግሊዞቹም ቢሆኑ ገመዱ የላቸውም ማለት አይደለም። የዓረቢያው ሎረንስ በመባል የሚታወቀው ቶማስ ኤድዋርድ ሎረንስ የፍጥነት ወዳጅ ነበር፤ የሚነዳትም የኃይለኞቹ ቁንጮ የነበረችውን 1000 ሲሲ ገደማ ብራፍ ሱፒሪየር ነው። ጦርነትና በረሃ ያልገደሉት ሰው በግንቦት 1935 እ.ኤ.አ. በአንድ የገጠር መንገድ ላይ ሁለት ብስክሌት የሚነዱ ልጆችን ሊሸሽ ሲል ወደቀ፤ ከስድስት ቀን በኋላም ሞተ። የ46 ዓመት ሰው ነበር። እናቱ በዚያን ጊዜ ቻይና ነበሩ፤ ቀብሩ ላይ ሊደርሱ አልቻሉም። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የአእምሮ ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ሂው ኬርንስ ነበር። ኬርንስ ከዚያ በኋላ በሞተር አደጋ ስለሚሞቱ ወታደር መልእክተኞች ማጥናት ያዘ፤ በ1941 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ የራስ ቁር ነፍስ እንደሚያድን አሳየ፤ የእንግሊዝ ጦርም በዚያው ዓመት ለሞተረኛ መልእክተኞቹ ግዴታ አደረገው። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ኮክሬን የተባለው ተቋም የጥናቶች ግምገማ እንዳረጋገጠው የራስ ቁር ያደረገ ሞተረኛ በአደጋ ጊዜ የመሞት ዕድሉ በ42 በመቶ፣ ራሱ ላይ የመጎዳት ዕድሉ ደግሞ በ69 በመቶ ይቀንሳል። የአንድ ሰው ሞት እንዲህ ሆኖ ከእሱ አልፎ የሌሎች ጉዳይ ሆነ።

* * *

ታዲያ ዕድርተኛው አሸነፈ፤ ጓደኛዬ ሞተሩን ይሽጥ? ልፈርድ ስል ሁለት ነገር ያዘኝ።

አንደኛው፣ ዕድር ሞቴን ስለሚካፈል ደስታዬንም ሊነጥቀኝ ይችላል ወይ የሚለው ነው። ገመዱ ከመውደቅ እንዲያድን የታሰረ ነው፤ ከመንቀሳቀስ እንዲያግድ ከሆነ ግን ስሙ ይለወጣል። በ17ኛው መቶ ዘመን እንደኖረ በሚነገርለት በዘርዓ ያዕቆብ ስም የተላለፈልን ሐተታ (ደራሲው ማን እንደሆነ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከሩበታል) ፈጣሪ የሠራው ሁሉ መልካም ነውና ጋብቻን እንደ ርኩሰት የሚቆጥር ምንኩስና የፈጣሪን ጥበብ ያስነቅፋል ብሎ ይሟገታል። ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ ደስታ ከእንጀራ የተረፈ ፍርፋሪ አይደለም። ለልጁ እንጀራ ብቻ እንጂ ደስ የሚለው አባት ያላሳያት ሰው ግማሽ ግዴታውን አልተወጣም። ልጅቱ አባቷ እሁድ ሲመለስ በአቧራ ፊቱ ላይ ያለውን ሳቅ ታያለች፤ ያም የእሷ ድርሻ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ስለ አደጋ አመዛዘናችን ነው። አደጋን ለራስ መያዝና አደጋን ለሌላ ሰው መላክ አንድ አይደሉም። በአዲስ አበባ በተሽከርካሪ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው፤ ማለትም ምንም ሳይነዱ የሚሞቱ። ሁለት ቶን በሚመዝን መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቶ፣ ስልክ እያነጋገረ፣ በልጆች መሻገሪያ ላይ 70 የሚነዳ ሰው ለራሱ ያለው አደጋ ጥቂት ነው፤ አደጋውን ሁሉ በውጭ ላለው ሰው አስተላልፎታል። እሱን ግን ሚስቱ «ለምን እሁድ ትነዳለህ» አትለውም፤ እንዲያውም መኪናው ትልቅ ስለሆነ ልቧ ያርፋል። 125 ሲሲ ሞተር ክብደቷ ከመቶ ኪሎ ብዙም አይበልጥም፤ እግረኛ ልትገድል አትችልም አልልም፤ ትችላለች፤ ግን ከምታመጣው አደጋ አብዛኛውን የሚሸከመው የተቀመጠባት ሰው ነው። ለሰፈሩ የሚያሰጋውን ሰው አክብረን ለራሱ የሚያሰጋውን የምንወቅስ ከሆነ የምንጠላው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው፤ አደጋውን ሳይሆን ደስታውን ይመስለኛል።

* * *

እዚህ ላይ ነው የሞተሯ ትንሽነት የሚገባው። አርስቶትል ጀግንነት በፈሪነትና በግዴለሽነት መካከል ያለ ልክ ነው ብሏል። ልኩ የት ነው ቢባል ሁሉም ሰው የራሱን ይጠቅሳል፤ ሞተሩ ሲያንስ ግን ልኩ በብረት ይሠራል። ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተርም እንደ ሰው ያለከልካል፤ ባለካርቡራተር የሆነች ሞተር አዲስ አበባን በመሰለ ከ2300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ላይ በባሕር ወለል ከነበራት ጉልበት ሩብ ያህሉን ታጣለች። ሐዋሳ ዝቅ ትላለች፤ ወደ 1700 ሜትር ገደማ ናት፤ ቢሆንም የጓደኛዬ ሞተር አቀበት ላይ ማርሽ ቀንሳ፣ እያጓራች፣ አህያ የሚነዱ ሽማግሌ «እንደምን አደርክ ልጄ» ብለው መልስ እስኪቀበሉ ድረስ ጊዜ ሰጥታ ነው የምታልፈው። ይህ ጉድለት አይደለም። ደስታው ያለውም እዚያው ውስጥ ነው፤ በ120 የሚያልፍ ሰው የባሕር ዛፍ ሽታ አይደርሰውም። ትልቅ ሞተር ነጂውን ሁልጊዜ «ጨምር» ትለዋለች፤ እምቢ ለማለት በየደቂቃው ጀግና መሆን አለበት። ትንሿ ሞተር ግን እሱ ባይችል እንኳ እምቢ ትልለታለች።

ይህ ሁሉ ግን ለሴትየዋ መልስ አይሆንም። ልክ ማበጀት ጥሩ ነው፤ የማን ልክ? የአደጋውን ዋጋ የሚከፍለው ሰው ልኩ ሲሠራ አብሮ ካልተቀመጠ ጓደኛዬ ያደረገው በሌላ ሰው ገንዘብ ዕቁብ እንደ መግባት ነው። ሚልም ሆነ አርስቶትል ያላሰቡበት ይመስለኛል፤ የእኛ ዕድር ግን ያውቀዋል። ዕድር መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ ደንቡም በስብሰባ ይጸድቃል። ማንም ሰው ሳይጠየቅ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም አይደረግም፤ ከተስማማ በኋላ ግን አያጉረመርምም።

ጓደኛዬና ባለቤቱ በመጨረሻ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ተቀምጠው ተነጋገሩ፤ ፍቅራቸውን ሳይሆን ገንዘቡን፣ ልጅቱን፣ እናቱን፣ እጁ ወይም እግሩ ቢጎዳ ማን ምን እንደሚያደርግ። እንዲህ ያለውን ወሬ እኛ «ሟርት» ብለን እንሸሻለን፤ እነሱ አልሸሹም። ከዚያ ውል ወጣ። የራስ ቁር፣ ወፍራም ጃኬትና ጓንት ሁልጊዜ፤ ከ60 በላይ የለም፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት መግባት፤ ቢራ የተጠጣ ቀን ቁልፉ ከኪስ አይወጣም፤ ልጅቱ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ከኋላ አትቀመጥም። ዝናብ ያለበትን እሁድ የምትወስነው ባለቤቱ ናት፤ ሰማዩን አይታ «ዛሬ የለም» ካለች ክርክር የለም። እሱም በበኩሉ አንድ ነገር ጠየቀ፦ በተፈቀደው እሁድ ፊቷን አጥቁራ እንዳትሸኘው። ተስማማች።

አሁንም ግን አትወደውም፤ ይህን ሳልናገር ብቀር ነገሩን አሳምሬ መዋሸት ይሆንብኛል። ባለፈው ስንገናኝ «አሁን ምን ብለሽ ትጸልያለሽ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ያው ነው፤ ጠብቅልኝ ነው የምለው» አለችኝ። «ቀድሞ ግን ብቻዬን ተሸክሜው ነበር። አሁን እሱም ተሸክሞ ነው የሚነዳው።»

ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። ነፍሴ የእኔ ብቻ ናት የሚለው ሰው ድንኳኑን የሚተክሉትን ረስቷል፤ ነፍስህ የእኛ ናት የሚለው ጎረቤት ደግሞ ድንኳኑን ከሰውየው አስቀድሞ ተክሎታል። ከሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ጠባብ ነው፤ ሆኖም ለሁለት ጎማ ይበቃል። ሞተር የሌለው አንባቢም ቢሆን ከዚህ ነገር ነፃ ነኝ እንዳይል፤ በየቤታችን ለእንጀራ ያልሆነ፣ የምንወደው፣ ዋጋውን ግን ሌላ ሰው የሚከፍልልን አንድ ነገር አይጠፋም። ያን ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቀነው እናውቃለን?